ያልተነኩት የዛሂራ ፎቶዎች

ቀን፦ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእጅ ሥራ ውጤቶች ማሳያና ገበያ ትስስር ማዕከል
ለክብርት ሥራ አስኪያጅ ወ/ሮ ጵርስቅላ ሆሴዕ
ሆሳዕና

አመልካች፦ ሙክታር ጠና፣ ሥራ ስልክ ጥገና፣ አድራሻ ሆሳዕና ከተማ

ጉዳዩ፦ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ተደምስሶ እንዲወገድ ከተወሰነው የማዕከሉ አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ፣ የሟች ባለቤቴ የወ/ሮ ዛሂራ ጁነዲን ያልተነኩ ፎቶዎች ከመጥፋታቸው በፊት ቅጂያቸው እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

እኔ አመልካች መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ስልክ እየጠገንኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ማዕከሉን ለመክሰስ ወይም ሠራተኞቹን ለማስወቀስ አልመጣሁም። የምጠይቀው ነገር በአንድ ፍላሽ የሚያልቅ፣ ከማዕከሉ ምንም የማያጎድል፣ ለእኔና ለሦስት ዓመት ልጄ ግን ሌላ ቦታ ፈጽሞ የማይገኝ ነው። ጉዳዩ ተቆርጦ ሲነገር ቀልድ ስለሚመስል ከሥሩ እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ። ጽሑፌ ስለረዘመ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እስካሁን አሳጥሬ ከነገርኳቸው ሰዎች አንዱም አልገባውም።

1. ባለቤቴ ዛሂራ የቦኖሻ ልጅ ነበረች። በ2010 ዓ.ም. ኒካህ አስረን ሆሳዕና መኖር ጀመርን። ስፌት ከእናቷ የተማረች ስትሆን ሙዳይ፣ ሰፌድና የሠርግ ቅርጫት ትሰፋለች። አክርማውን ራሷ ትመርጣለች፣ ቀለሙን ራሷ ትነክራለች። በ2012 ዓ.ም. የቴሌግራም ቻናል ከፈትኩላትና ሥራዋን ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም ይጠይቋት ጀመር። ፎቶ የማነሳው እኔ ነበርኩ። ፊቷን መነሳት አትወድም፤ ስልኩን ሳነሳ ሻሿን ወደፊት ትስብና «እጄ ይበቃሃል» ትለኛለች። ስለዚህ ቅርጫቱን ከሥሩ በሁለት እጇ ትይዛለች፣ እኔ አነሳለሁ። በልጅነቷ እንሰት ስትፍቅ የቆረጠችው የግራ አመልካች ጣቷ ጎበጥ ያለ ነበር፤ ከጥፍሮቿ ሥርም ቀለም ጠፍቶ አያውቅም። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ እነዚህ ሁለት እጆች ነበሩ።

2. በጥር 2013 ዓ.ም. አንድ የማናውቀው ሰው በራችንን አንኳኳ። እኔ ሱቅ ነበርኩ፣ እሷ ብቻዋን ነበረች። ሰውየው ሰማያዊውን ቅርጫት ፈልጎ እንደመጣ ነገራት። ቤቱን እንዴት እንዳገኘው ስትጠይቀው ስልኩን አውጥቶ አሳያት። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፎቶዎቹ ጥራታቸው እንዳይቀንስ ብዬ በፋይል ነበር የምለቃቸው፤ ፎቶ በዚያ መንገድ ሲላክ ደግሞ የተነሳበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ በሆዱ ይዞ ይሄዳል። ሰውየው ቦታውን ካርታ ላይ ከፍቶ እስከ ደጃችን ድረስ ተመርቶ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ቅርጫቱን ገዝቶ በሰላም ሄደ። ዛሂራ ግን በሩን ከውስጥ ቀርቅራ እስክመጣ ጠበቀችኝ፤ ስገባም ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ «ቤቴን ከፎቶው ላይ አውጣልኝ» አለችኝ። እንዲህ ስትፈራ አይቻት አላውቅም ነበር።

3. አወጣሁላት። ከእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የስልኩን ዓይነት የሚናገረውን መረጃ ማጥፋት ተማርኩ። አንዴ ከጀመርኩ ደግሞ እዚያ ላይ አላቆምኩም። ቻናሉ የከተማ ሱቅ እንዲመስል ብዬ ከኋላ ያለውን ግድግዳ፣ የጓሮውን እንሰት፣ የተሰጣውን ልብስ ሁሉ እየቆረጥኩ ነጭ አደረግኩት። ቀጥሎም እጆቿን ቆረጥኩ። ገዢው ቅርጫቱን ብቻ ማየት አለበት የሚል ምክር ከአንድ ቪዲዮ ሰምቼ ነበር፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ዋኝታ ሞተች ማለት እኔ ነኝ። ሥራዬን እጅግ እወደው ነበር። የጣቷ ጫፍ ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ሲቀር አጉልቼ በትዕግሥት እፍቀዋለሁ፤ ከሥሩ የሚቀረውን ጥላ ሳይቀር አጠፋለሁ። ስሜ ስለወጣ ከዱራሜም ከአንጋጫም ነጋዴዎች ስልካቸውን ይዘው እየመጡ «እንደ ዛሂራ ፎቶ አድርግልን» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ያለቀውን ፎቶ ሳሳያት ስልኩን ዓይኗ ሥር አስጠግታ አየችና እጇን የት እንዳደረስኩት ጠየቀችኝ። ገዢ እጅ አይፈልግም አልኳት። ሳቀችና «እንግዲህ ቅርጫቱ ራሱን ሰፍቶ ራሱ ቆመ በላቸው» አለችኝ። አብሬያት ሳቅሁ። ዛሬ ያንን ሳቄን መመለስ ብችል ያለኝን ሁሉ እሰጥ ነበር።

4. በአሠራሬ ላይ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረኝ። ፎቶውን ካጸዳሁ በኋላ ዋናውን ወዲያውኑ ከስልኬ አጠፋለሁ። ምክንያቱም ሰው በችኮላ ይሳሳታል፤ ዋናው ካለ አንድ ቀን ተሳስቼ እሱን ልልከው እችላለሁ፣ ያኔ ሌላ ሰው ደጃችን ይቆማል። ፎቶ ወደ ኢንተርኔት ገልብጦ የሚያስቀምጠውንም የስልኬን ክፍል የዘጋሁት እኔው ነኝ፣ የዛሂራ ቤት የትም እንዳይቀመጥ ብዬ። ለሰው ሁሉ የምመክረውም ይህንኑ ነበር።

5. በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማዕከላችሁ የአካባቢውን አምራቾች መመዝገብ ጀመረ። ከሌላ ቦታ የመጣ ዕቃ እዚህ እንደተሠራ አድርገው የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ስለነበሩ፣ እያንዳንዱ አምራች በየሦስት ወሩ የሥራውን ያልተነካ ፎቶ፣ ማለትም ቀኑንና ቦታውን እንደያዘ፣ እንዲያስረክብ ታዘዘ። ዛሂራ መጀመሪያ እምቢ አለች። መሥሪያ ቤት ነው፣ ለሰው አይሰጡም ብዬ አሳመንኳት። እሷ በስሟ ተመዘገበች፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ፎቶ ባነሳሁ ቁጥር ዋናውን መጀመሪያ ለማዕከሉ በማስረክበው ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ፣ ከዚያ ለቻናሉ የሚሆነውን አጸዳለሁ፣ ከዚያ ዋናውን አጠፋለሁ። እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ድረስ አሥር ጊዜ አስረክበናል። ፎቶዎቹ በድምሩ 386 ናቸው። የአሥሩም ርክክብ ደረሰኝ ከዚህ ጋር ተያይዟል። በእነዚህ ፎቶዎች ላይ እጄን አላሳረፍኩም፤ በዚህ ዓለም ላይ እጄን ያላሳረፍኩባቸው የዛሂራ ፎቶዎች እነሱ ብቻ ናቸው።

6. ሐምሌ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ዛሂራ በሦስት ቀን ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች፣ አላህ ይዘንላት። ልጃችን ከድጃ ሁለት ዓመት ተኩል ነበረች። ስለ ሕመሙ አልጽፍም፣ ለዚህ ማመልከቻ አያስፈልግም።

ስለ ለቅሶው ግን መጻፍ ግድ ይሆንብኛል። እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛው እንዳይጎዳ ተብሎ የሟች ልብስ ከቤት ይወጣል፣ ፎቶም ካለ ከዓይን ይሰወራል። ሦስተኛው ቀን ላይ እህል አልቀምስ ብዬ ስልኬን ብቻ ይዤ ተቀምጬ ነበር። በስልኩ ውስጥ የኒካሃችን ዕለት ፎቶዎችና ከድጃ ስትወለድ ያነሳኋቸው ጥቂት ፎቶዎች ነበሩ፤ እነዚህ የሽያጭ ስላልነበሩ አልነካኋቸውም፤ ሌላ ሰው ዘንድ ግን ቅጂ አልነበራቸውም። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አቶ አወል ቻርጅ ላድርግልህ ብሎ ስልኩን ወሰደልኝ። አንድ በአንድ ቢያጠፋ የሚያመልጠው እንዳይኖር ፈርቶ ሌላ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ወስዶ ሙሉ በሙሉ አስደመሰሰው። ማታ መልሶ ሲሰጠኝ ስልኩ ከካርቶን የወጣ አዲስ ይመስል ነበር። አወል ትከሻዬን ይዞ «አሁን ትድናለህ፣ አይዞህ» አለኝ። ከልቡ ነበር። እኔም ከልቤ ልናገርና፣ ያደረገው በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ተቀይሜዋለሁም። አሁን ሲያገኘኝ ቀና ብሎ አያየኝም።

7. እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ውኃ ከገባበት፣ መኪና ከረገጠው ስልክ ውስጥ የሰው ፎቶ አውጥቼ የምሰጥ ሰው ነኝ፤ እናቶች ሱቄ ደጃፍ ላይ መርቀውኛል። የራሴን ስልክ አምስት ወር ሞከርኩት። የዚህ ዓይነት ስልክ ከተደመሰሰ በኋላ የሚወጣ ነገር እንደሌለው ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር፣ ቢሆንም ሞከርኩ። ከዚያ ወደ ቻናሉ ዞርኩ። ቻናሉ ላይ ከአራት መቶ በላይ ፎቶ አለ፣ ሁሉም ቅርጫት፣ ሁሉም ነጭ ላይ። አንድ በአንድ እያጎላሁ ያመለጠኝ ጣት ካለ ፈለግሁ። አንድም የለም። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት የሚባለው እኔ ላይ ደረሰ።

8. ልጄ ከድጃ አሁን ሦስት ዓመት አልፏታል። የእናቷን ፊት አታስታውስም። አያቷ ቻናሉን እየከፈቱላት «ይህ የእማዬ ነው» ይሏት ነበር። ልጅ ናትና በራሷ መንገድ ተረዳችው። ባለፈው ጥር አንዲት ጎረቤት ሴት ጭኗ ላይ አስቀምጣ እናትሽ የት አለች ስትላት፣ ስልኩን ነካ ነካ አድርጋ አንዱን ቀይ ሙዳይ አሳየቻትና «እማዬ» አለች። ሴትዮዋ ሳቀች፣ ከዚያ ገባትና ተነስታ ወጣች። ከድጃ አልተሳሳተችም። እናቴን አሳዩኝ ብትል እኛ ያሳየናት ያንን ነው። ክብርት ሆይ፣ ወደ ማዕከሉ የመጣሁት በማግሥቱ ነው።

9. ያኔ ያስረከብናቸው ፎቶዎች አሁንም መኖራቸውን ስጠይቅ የማዕከሉ የኮምፒዩተር ባለሙያ አቶ አጵሎስ በመልካም ፊት ተቀበሉኝ። አዲሱ አሠራር ጥቃቅንና ነጭ ፎቶ ብቻ ስለሚፈልግ አሮጌዎቹ ወደ አዲሱ እንዳልተዛወሩ፣ ነገር ግን አሮጌው ኮምፒዩተር ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ እንዳለ ነገሩኝ። ሰክተው ከፈቱት። በስሟ የተሠራው ማኅደር ነበረ። አንዱን ፎቶ ከፈቱ። እጆቿ ነበሩ። ቀይ ቀለም የነካቸው፣ የግራ ጣቷ ጎበጥ ያለ፣ ከኋላዋ የወጥ ቤታችን በር። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። አቶ አጵሎስ ወንበር አመጡልኝ።

ፍላሼን ሳወጣ ግን የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ወንዳፈረው ደረሱና ሥራው እንዲቆም አደረጉ። አቶ ወንዳፈረው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደንባቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ፎቶዎቹ የአምራቿን መኖሪያ ቦታና ሰዓት ስለያዙ የግል መረጃ ናቸው፤ የሚሰጡት በአካል ቀርባ ለምትፈርም ባለመረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤቴን ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ። መሞቷን ነገርኳቸው። ቅጹን ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ፣ ቅጹም በእርግጥ እንደዚያ ይላል። ያንን ደንብ ዛሂራ ብታየው ትወደው ነበር። እኔም በሌላ ጊዜ ቢሆን አደንቀው ነበር።

10. ከዚያ በኋላ የታዘዝኩትን ሁሉ ፈጽሜያለሁ።

ሀ) የሞት ምስክር ወረቀት ተጠየቅሁ። ወረቀቱን ለማውጣት የሟች መታወቂያ ይመለሳል ስለተባልኩ የዛሂራን መታወቂያ አስረከብኩ። ፊቷ ያለበት በእጄ የቀረ ብቸኛ ነገር እሱ ነበር። ከማስረከቤ በፊት ኮፒ አስነስቼዋለሁ፤ ሻሿም ፊቷም በኮፒው ላይ አንድ ላይ ጥቁር ሆነው ወጥተዋል። ሞታለች የሚለውን ወረቀት ለማግኘት የሰጠሁት ፊቷን ነው ማለት ነው። ያኔ አልታየኝም፣ ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ነው የገባኝ።

ለ) የወራሽነት ማስረጃ አምጣ ተባልኩ። አቤቱታ ስጽፍ የንብረቱ ዓይነትና ግምት የሚል ቦታ አለ። ግምቱን ምን ብዬ እንደምጽፍ የፍርድ ቤቱን መዝገብ ቤት ጠየቅሁ፤ እነሱም አላወቁም። ባዶውን ትቼ ቤትና የቤት ዕቃ ብቻ ጻፍኩ። ማስረጃው የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ወጣልኝ።

ሐ) ማስረጃውን ይዤ ስመለስ አቶ ወንዳፈረው በጥንቃቄ ካነበቡት በኋላ ፎቶ የሚል ቃል በውስጡ እንደሌለ ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው፣ የለም።

መ) መጋቢት 3 ቀን በማዕከሉ ሰሌዳ ላይ ስድስት አሮጌ ኮምፒዩተሮች መጋቢት 18 ቀን ተደምስሰው ለትምህርት ቤት እንደሚሰጡ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አቶ አጵሎስ የከፈቱልኝ ኮምፒዩተር በዝርዝሩ በሦስተኛ ረድፍ ላይ ይገኛል። ለትምህርት ቤት መሰጠቱ መልካም ነው፣ አልቃወምም። ማስረጃዬን ለማስተካከል ግን ፍርድ ቤቱ የሰጠኝ ቀጠሮ ሚያዝያ 6 ነው።

11. ክብርት ሥራ አስኪያጅ፣ በእነዚያ ፎቶዎች ውስጥ ምን እንዳለ እኔ ካልነገርኩ ከወረቀቱ ማንም ሊያውቀው አይችልም። ሌላ ሰው ሲከፍታቸው ቅርጫት ነው የሚያየው። እኔ ግን ስቆርጣቸው ስለኖርኩ በቃሌ አውቃቸዋለሁ። አንዱ በአረፋ ሰሞን ቦኖሻ ውስጥ እናቷ ጓሮ የተነሳ ነው፤ ዳር ላይ የእናቷ እግር አለበት። አንዱ ዱራሜ ቀለም ልንገዛ ሄደን ከዝናብ የተጠለልንበት በረንዳ ነው። አንዱ አንጋጫ መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶብን ሁሉም ሰው ከሾፌሩ ጋር ሲጨቃጨቅ እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ወስፌዋን አውጥታ የጀመረችውን ስትቀጥል ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይሆናል፣ ፎቶው በትክክል ያውቀዋል። ከድጃን አርግዛ ሳለች የተነሱት ላይ ቅርጫቱን ሆዷ ላይ ታስደግፈዋለች። ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር የት እንደነበርን፣ በስንት ሰዓት እንደነበርን የጻፈልን ሌላ ማንም የለም። እኛ ማስታወሻ የምንጽፍ ሰዎች አልነበርንም፣ ፎቶው ነው የጻፈልን።

ከእነሱም አንዱ ላይ ፊቷ አለ። የሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ርክክብ ውስጥ ያለ፣ አረንጓዴና ቢጫ ሰፌድ የያዘችበት ነው። አነሳሁ ብዬ ሳበቃ ቀና አለች፣ እኔ ግን ገና አላበቃሁም ነበር። ሻሿ ወደ ኋላ ሸርተት ብሏል፣ አፏ ተከፍቷል፣ «አበቃህ?» እያለችኝ ነው። ለቻናሉ ሳዘጋጅ ያንን ክፍል ከላይ ቆረጥኩት። ስቆርጠው ምንም አልተሰማኝም ክብርት፣ ይህን ነው ከሁሉ የበለጠ ላስረዳዎ የምፈልገው። ቦታ ያበላሸ ነገር ነበር የመሰለኝ። ነገ አዲስ ይነሳል፣ ነገም አብራኝ ናት ብዬ ነው። እንደዚህ ያለ ስህተት የሚሠራው ያለውን የማያጣ የሚመስለው ሰው ነው፤ እኔም እንደዚያ ሰው ሆኜ ኖሬ ነበር።

12. ማዕከሉ ይህን የሚጠብቀው ዛሂራን ከማያውቁት ሰዎች ለመከለል እንደሆነ ይገባኛል። ባለቤቴም የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር፤ ቤቴን ከፎቶው ላይ አውጣልኝ ስትል። እኔም ከአቶ ወንዳፈረው በላይ ጠብቄያታለሁ። አሁን ግን በዚያ ቤት የምንኖረው እኔና ልጇ ነን። ከእኛ የሚከለል አድራሻ የለም።

ስለሆነም የሚከተለውን በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ በዛሂራ ጁነዲን ስም ያለው ማኅደር ሙሉው፣ 386ቱም ፎቶዎች፣ ቀናቸውንና ቦታቸውን እንደያዙ፣ አንዲትም ነገር ሳይቀነስባቸው ተገልብጠው እንዲሰጡኝ። ይህ እስኪሆን ኮምፒዩተሩ እንዳይደመሰስ እንዲታዘዝልኝ።

ሁለተኛ፣ ሙሉው የማይቻል ከሆነ ከላይ የገለጽኩት የሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አንድ ፎቶ ብቻ እንዲሰጠኝ። ቦታው የግል መረጃ ነው ከተባለ ቦታው ይውጣለት። ሰዓቱም ይውጣ። ፊቷ ብቻ ይቅርልኝ።

ሦስተኛ፣ እሱም ደንብ የሚጥስ ከሆነ፣ መጋቢት 18 ከመድረሱ በፊት በሥራ ሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ልጄን ይዤ መጥቼ በዚያ ኮምፒዩተር ፊት እንድንቀመጥ እንዲፈቀድልን። አቶ ወንዳፈረው አጠገባችን ይቀመጡ፣ ስልኬንም በር ላይ ልተው፤ ምንም አልወስድም። ለከድጃ እጆቹን አሳይቼ የማን እንደሆኑ እነግራታለሁ፤ ከዚያ ፊቱን አሳያታለሁ፣ የፈለገችውን ያህል ጊዜ ታየዋለች። አይታ ስትጨርስ ኮምፒዩተሩ መደምሰስ ካለበት የማዕከሉ ሠራተኛ አይቸገር። ቁልፉን እኔ ራሴ እጫነዋለሁ፣ ልማዱ አለኝ።

መልስዎን በአክብሮት እየጠበቅሁ፣

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሙክታር ጠና

አባሪ፦
የርክክብ ደረሰኝ፣ አሥር ቅጠል
የሞት ምስክር ወረቀት ኮፒ
የወራሽነት ማስረጃ ኮፒ
የሟች መታወቂያ ኮፒ (ፊቷ አይታይም)